ያልተሄዱ ያርዶች

እኔ ሰንሰለት ያዥ ነኝ፣ የመስመር ዳር ሰው፣
ሥራዬ መለካት ነው፣ ኳሱ የደረሰው
የት ድረስ እንደሆነ፣ ከችካል እስከ ችካል፣
አቧራው ሲያለብሰን ቤርሳቤህ መሃል።
ልጆቹ ስም አውጥተው «ጋሼ ሰንሰለት» ይሉኛል፤
ሰባ ዓመት የሞላኝ ለት ኬክ ላይ ጽፈውልኛል።

ሜዳው የእግር ኳስ ነው፣ እኛ ተከራይ ነን፣
ከምሽቱ አራት ሲሆን መብራት የሚያጠፉብን፤
በነጩ መስመር ላይ ቢጫ መስመር ስበን፣
የሰው ቤት ተጠግተን አሥራ አራት ዓመት ኖርን።

ኤልዳድ ያኔ መጣ፣ ከሠራዊቱ ወጥቶ፣
ትከሻው እንደ በር፣ አንገቱን ደፍቶ።
አሰልጣኙ አየውና «ኳስ ትይዛለህ?» ቢለው፣
«አልይዝም፤ የያዘውን ግን እይዘዋለሁ» አለው።

ቁጥሩ ሃምሳ አራት። ቀን ቀን አውቶቡስ ጣቢያ ቦርሳ ፈታሽ፣
ማታ ማታ በሜዳ የሰው ሩጫ አፍራሽ።
ዕድሜውን በአንድ ቃል፣ «ጠብቅ» ሲባል ኖረ፣
በጦሩ፣ በበሩ፣ በሜዳው እየዞረ።

ሲጫወት አይቸኩልም። አይጮህም። አይሮጥም ቶሎ።
የኳርተርባኩን የእግር ጣት፣ የዳሌውን ዘንበል አስተውሎ፣
ከዚያ
ድው!
አንዴ ብቻ። መቶ ኪሎ ከመቶ ኪሎ ሲጋጠም
የሚሰማው ድምፅ በቴሌቪዥን የለም።
ተነስቶም የጣለውን እጁን ይዞ ያነሳል፤
አፈሩን ከትከሻው፣ ሣሩን ከቁሩ ያብሳል።

ከዚያ ፖላንድ ወሰደችው። ሞያ ሆነ ጨዋታ፣
ጠዋት ብረት ማንሳት፣ ፊልም ማጥናት ማታ።
«ጋሼ፣ እዚህ ሰንሰለቱ ከብርዱ ብዛት እጅ ያጣብቃል፤
ያዡ ግን ደሞዝ አለው» ብሎ በጽሑፍ ይስቃል።
በሦስተኛው ክረምት እያነከሰ ተመለሰ፤
ውሉም ከጉልበቱ ጅማት ጋር አብሮ ተበጠሰ።
«አሁንስ በቃህ» አለች እናቱ፣ እመት ዝማም፤
ዘጠኝ ወር ዝም አላትና ሜዳ ላይ ቆመ ዳግም።

አንድ ማታ ደግሞ፣ ከሃይፋ ጋር ገጥመን፣
ሁለት ያርድ ሲቀራቸው ሳይረን ጮኸብን።
መጠለያው ሩቅ፣ ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ፤
ሃያ ሁለት ሰው ተደፋ፣ ዳኛው ከነፊሽካ።
የሃይፋው ኳርተርባክ ገና የአሥራ ዘጠኝ ልጅ ነው፣
ማታውን ሙሉ ኤልዳድ ሲያሳድደው፣ ሲጥለው።
አሁን ግን ብቻውን ቆሟል፣ ኳሱን አቅፎ፣ ደንዝዞ፤
ኤልዳድ ሄደ፣ አስተኛው፣ ቀስ አርጎ፣ አንገቱን ይዞ፣
በላዩም ተጋደመ።
ሰማዩ ሁለቴ ነጎደ፤ ከዚያ ረጭ አለ፣ አከተመ።

ሁሉም ሲተኛ እኔ ችካሌን አልለቀቅሁም፤
ስለዚህ ኳሱ የነበረበት ቦታ አልጠፋንም።
ያችን አስተኛኘት የትኛው መዝገብ ይጽፋት?
ያርድ የላት፣ ነጥብ የላት።
ተመለስን። ፊሽካ። ልጁ ኳሱን ተቀበለ።
ኤልዳድ መልሶ ጣለው። ሁለት ያርዱ እዚያው አለ።

ትናንት ሸኘነው፤ አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፤
አንድ ጋዜጠኛ ጠየቀኝ፣ «ስንት ታችዳውን ነበር
ያስቆጠረው?» ምንም። በአሥራ አራት ዓመት፣ ምንም።
አንዴ ኳስ ጠልፎ ሮጦ፣ አንድ ያርድ ሲቀረው ወደቀ፤ እርሱንም
እኔ ነኝ የለካሁት።

ደብተር አለኝ፤ ያስቀራቸውን ያርዶች በግምት ደምሬ፣
ዛሬ በእግሬ ወጣሁ፣ ከሜዳው በር ጀምሬ፤
በአሮጌው ከተማ አልፌ፣ ገበያውን በስተግራ ትቼ፣
ጣቢያው ደጃፍ ደረስኩ፣ ጉልበቴን ሁለቴ አሽቼ።
ድምሩ ግን አላለቀም፣ አንድ ገጽ ተኩል ይቀራል፤
የዲሞናው አውቶቡስ ይጭናል፣ ይወጣል፣ ይዞራል።

በሩ ላይ ኤልዳድ ቆሟል። «ቦርሳ» አለኝ፣ ሳያየኝ፤
ቀና ሲል ሳቀ። ደብተሩን አነሳ፣ ሳይገልጠው፣
«እለፍ» አለኝ።